ቦድሩም ግንብ ገብቼ ወጣሁ፤ ሙዚየሙ ግን የት ነበር?

እግረ_ቀላል፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንዳትስቁብኝ ብቻ። ባለፈው ሳምንት ቱርክ፣ ቦድሩም ነበርኩ። ወደቡ ላይ የቆመውን ትልቅ ግንብ የምታውቁት ይመስለኛል፤ የከተማው ፖስትካርድ ሁሉ እሱ ነው። ውስጡ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም አለ ተብዬ ነው የገባሁት። ችግሩ የሄድኩት በጀልባ ከሚዞር ቡድን ጋር መሆኑ ነው። አስጎብኚያችን «አንድ ሰዓት አላችሁ» አለንና ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግሬ ላይ ያለው ነጠላ ጫማ ነው።

በር አለፍኩ፣ ሌላ በር መጣ። እሱንም አለፍኩ፣ ሌላ መጣ። ማማ ላይ ወጥቼ ባሕሩን ፎቶ አነሳሁ። ወርጄ ጣዎስ አገኘሁ፤ እሱንም አነሳሁ። ግቢው ውስጥ የተደረደሩ እንስራዎች ነበሩ። በመጨረሻ አንድ ጨለም ያለ አዳራሽ አየሁና ልገባ ስል ሰዓቱ አለቀ። ማታ ስልኬን ስከፍት 64 ፎቶ አለኝ። 50ው ባሕር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው በኩል እመለሳለሁ፤ አንድ ሙሉ ቀን አለኝ። እውነቱን ንገሩኝ፤ ያመለጠኝ ነገር አለ? ወይስ ግንቡን ያየ ሁሉንም አየ ማለት ነው?

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
ምንም አላመለጠህም ወንድሜ። እንደዚህ ያሉ ግንብ ውስጥ ያሉ ሙዚየሞችን ዞሬያቸዋለሁ። የተሰበረ እንስራ። የተጠገነ እንስራ። ግማሽ እንስራ። ከጎኑ «እንስራ» የሚል ወረቀት። አምናም ጣሊያን ውስጥ ሊፓሪ ደሴት ያለው ግንብ ሄጄ እስከ ጣሪያ ድረስ የተከመረ እንስራ ነው ያየሁት። ጣዎሱን አይተሃል፤ በቃ።

የነሐስ_ዘመን፦
ኧረ በሕግ አምላክ! እግረ_ቀላል፣ አንተ ልትገባበት ስትል ሰዓትህ ያለቀብህ አዳራሽ ምናልባት የኡሉቡሩኑ መርከብ ያለበት ይሆናል። እሱ ከሆነ፣ ሰርግ ቤት ሄደህ በር ላይ ዣንጥላ አስቀምጠህ እንደተመለስክ ቁጠረው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1982 መህመት ቻክር የሚባል ስፖንጅ ለቃሚ ጠላቂ፣ ካሽ ከተማ አጠገብ ኡሉቡሩን በሚባል ቦታ ወደ ባሕር ይገባል። ሲወጣ «ታች ጆሮ ያላቸው የብረት ብስኩቶች አሉ» ብሎ ይናገራል። ሰሚዎቹ ደግሞ ምን እንደሚያወራ ገባቸው። ምክንያቱም ከ1960 ጀምሮ ጆርጅ ባስ የሚባለው አሜሪካዊ እዚያው ቱርክ ኬፕ ገሊዶኒያ ላይ የሰመጠ ጥንታዊ መርከብ ቆፍሮ፣ እንዲህ ያለ መዳብ ምን እንደሚመስል ለጠላቂዎቹ ሲያስተምር ኖሯል። ብስኩት የተባለው የነጠረ መዳብ ነው። አራት ማዕዘኑ ወጣ ወጣ ብሎ ልክ የተዘረጋ ቁርበት ይመስላል። ባለሙያዎቹም የሚጠሩት በዚሁ ነው፤ የበሬ ቁርበት።

ቁፋሮው ከ1984 እስከ 1994 ድረስ 11 ክረምት ፈጀ። መርከቡ የሰመጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ከ3,300 ዓመት በፊት ማለት ነው። ጭነቱ 354 የመዳብ ቁርበት፣ በድምሩ 10 ቶን ያህል። ከሱ ጋር 1 ቶን ያህል ቆርቆሮ። አሁን እዚህ ላይ ቆም በል። ነሐስ የሚሠራው አሥር እጅ መዳብ ከአንድ እጅ ቆርቆሮ ጋር ቀልጦ ነው። ሰውዬው የጫነው ዝም ብሎ ብረት አይደለም፤ ልኩ ተመጥኖ የተሰናዳ 11 ቶን ነሐስ ነው። ይህ የአንድ ነጋዴ ዕቃ አይመስልም፤ ቤተ መንግሥት ለቤተ መንግሥት የላከው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

በዚያ ላይ ሰማያዊ ጥሬ ብርጭቆ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የጉማሬ ጥርስ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ከባልቲክ የመጣ አምበር (እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዛፍ ሙጫ)፣ 150 ያህል የከነዓን እንስራ፤ አብዛኛው ውስጥ እንደ ዕጣን የሚጨስ ሙጫ። የግብጿ ንግሥት የኔፈርቲቲ ስም የተቀረጸባት ከወርቅ የተሠራች ትንሽዬ ጢንዚዛም አለች።

አሁን ጣዎስህን ይዘህ ተኛ።

እግረ_ቀላል፦
😭 የነሐስ_ዘመን፣ ጨካኝ ነሽ።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ መርከቡ እውነት ነው፣ ድንቅ ነው። ግን እኔ ሌላ ነገር ልበል። ወደ አዳራሹ ከመሮጥህ በፊት ግድግዳውን አንብብ። የዚያ ሙዚየም ትልቁ ቅርስ በመስታወት ውስጥ የለም። አንተ በነጠላ ጫማ ረግጠኸው ያለፍከው ነው።

ቦድሩም በጥንት ስሟ ሃሊካርናሶስ ናት። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ የተወለደባት። እዚያ ማውሶሎስ የሚባል ገዥ ነበር፤ በ353 ዓመተ ዓለም ሞተ። እህቱም ሚስቱም የነበረችው አርጤሚስያ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው መቃብር አስገነባችለት። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ ሆነ። ፈረንጆች ዛሬ ትልቅ መቃብር ሁሉ «ማውሶሊየም» የሚሉት በዚህ ሰውዬ ስም ነው።

መቃብሩ ከብዙ ዘመን በኋላ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ። ከዚያ በ1402 ከመካከለኛው እስያ የመጣው ድል አድራጊ ቲሙር የሮዶስ ፈረሰኞችን፣ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር የሚባሉትን፣ ከኢዝሚር ምሽጋቸው አባረራቸው። ፈረሰኞቹ ምትክ ሲፈልጉ ቦድሩም ደረሱ። ድንጋይ ያስፈልጋቸዋል። ተጠርቦ፣ ተስተካክሎ፣ ክምር ሆኖ የሚጠብቃቸው ድንጋይ ከወደቡ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ አለ። ማን ይተወዋል?

ስለዚህ ስትገባ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ድንጋይ ፈልግ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የመቃብሩ ውስጠኛ ግንብ የነበረ። ከጎኑ ነጭ እብነ በረድ ታያለህ። አንዳንድ ቦታ የጥንት ዓምድ በጎኑ አጋድመው ግድግዳ ውስጥ ሰክተውታል፤ የሚታይህ ክብ ጫፉ ብቻ ነው። እንዲያ ሲደረግ ዓምዱ ግንቡን ከውስጥ ወደ ውጭ ያስረዋል፤ መድፍ ሲመታው ቶሎ አይናድም። የድንጋይ ምስማር በለው።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የሚያስደስት ነገር ነው? ከዓለም ሰባት ድንቆች አንዱን አፍርሰው የጦር ካምፕ ሠሩበት። እኔ እዚያ ግድግዳ ፊት ብቆም የምናደድ ነው የሚመስለኝ።

ጡረተኛው፦
ተናደድ፤ መብትህ ነው። እኔም ተናድጃለሁ። ግን ያፈረሰው መሬቱ ነው፤ እነሱ የወደቀውን ነው ያነሱት። የምናደድባቸው በሌላ ነው። የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን ሮዶስን በከበበበት በ1522 ግንቡን ለመጠገን ሲጣደፉ፣ መቃብሩ መሠረት ድረስ ወርደው የቀረውን እብነ በረድ ለኖራ አቃጠሉት። እብነ በረድ እሳት ሲበዛበት ኖራ ይሆናል። የስንቱ ቀራጺ እጅ ሥራ የግድግዳ ማጣበቂያ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ፣ በ1523፣ ግንቡን ራሱን ለቱርኮች አስረክበው ወጡ። ለዚህ ነው የሚያናድደው።

የነሐስ_ዘመን፦
ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከመቃብሩ ላይ የነበሩ የግሪኮችና የአማዞኖች (በተረት ያሉ ሴት ተዋጊዎች) ውጊያ የተቀረጸባቸውን ሰሌዳዎች ፈረሰኞቹ ወደዷቸው መሰለኝ፣ ለጌጥ ብለው ግድግዳው ላይ ገጠሟቸው። ወደ ኖራው እሳት ያልገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መቅረት ለድንጋይ ውርደት ይመስላል፤ ግን የተረፈው የተሰካው ነው።

መርከቡም እንደዚያው ነው፣ ካሰባችሁት። መዳብ የብስ ላይ ቢደርስ ኖሮ በሳምንቱ ይቀልጣል። ሰይፍ ይሆናል፣ ከዚያ ማረሻ፣ ከዚያ ድስት፣ ከዚያ እንደገና ሌላ። ከዚያ ዘመን 10 ቶን መዳብ አንድ ላይ ልናይ የቻልነው ባለቤቱ ስለከሰረ ነው። የሱ ጥፋት ለኛ ሙዚየም ሆነ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ በጣም ደስ ይላል። እኛም ልንሄድ ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴም ጉልበቷን ያማታል። ይቻላል?

ጡረተኛው፦
እህቴ፣ ልጆቹ ይችላሉ፤ ምናልባት ከአንቺ በላይ። ለእናትሽ ግን እውነቱን ልናገር። ግንብ የተሠራው ሰው እንዳይገባበት ነው። መግቢያው ተጠማዝዞ፣ በር በበር ሆኖ፣ ዳገት ለዳገት ነው የሚያስኬድሽ፤ ሰባት በር አለው። ድንጋዩም በብዙ እግር ተልጎ ያንሸራትታል። እኔ ጉልበቴን እያሻሸሁ ነው የወጣሁት። እናትሽን ታችኛው ግቢ ዛፍ ሥር አስቀምጫት፣ እንስራዎቹም ጣዎሱም እዚያው አካባቢ ናቸው። የማማዎቹን ደረጃ ግን አትሞክሩት። ሲከፈት ግቡ፤ ከረፋድ በኋላ ድንጋዩ ራሱ ምድጃ ይሆናል።

የነሐስ_ዘመን፦
ለልጆቹ የካሪያዋን (የዚያ አካባቢ የጥንት ስም ነው) ልዕልት አሳያቸው። ይቅርታ፣ አሳያቸው አልኩ፤ አሳያቸው ሳይሆን አሳዪያቸው 😅። በ1989 ቦድሩም ውስጥ ለግንባታ ሲቆፈር ያልተነካ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ተገኘ። ውስጡ የሴት አጽም፣ ራሷ ላይ በቀጫጭን የወርቅ ቅጠሎች የተሠራ አክሊል። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ያሉ ባለሙያዎች የራስ ቅሏን መነሻ አድርገው ፊቷን በጭቃ መልሰው ሠሩት። አንዳንዶች የማውሶሎስ እህት አዳ ናት ይላሉ። ልጆች ግን የሚያዩት አክሊሉን ነው። ቅጠሎቹ በጣም ስስ ናቸው፤ እፍ ብትያቸው የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጋቲኖ ማማ ሥር ፈረሰኞቹ ሰው ያሠቃዩበት የነበረ ምድር ቤት አለ። የ6 ዓመቱን እዚያ አታውርጂው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
አመሰግናለሁ። የ9 ዓመቱ ግን ይህን ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

ጡረተኛው፦
ምድር ቤቱ በር ላይ በላቲን የተቀረጸ አለ፤ ትርጉሙ «እግዚአብሔር እዚህ የለም» ማለት ነው። አስቂኙን ልንገራችሁ። ግንቡ ሲሠራ፣ በ1409 በወጣ የካቶሊኩ ፓፓ አዋጅ፣ ለሚሠሩት ሠራተኞች መንግሥተ ሰማያት ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ድንጋይ የተሸከመ ይጸድቃል። እዚያው ድንጋይ ሥር ደግሞ «እዚህ የለም»። እኔ ያን ያነበብኩ ቀን ብዙ አልተናገርኩም።

ቱርኮችም በኋላ ግንቡን ከ1895 ጀምሮ እስር ቤት አድርገውት ነበር። በቱርክኛ ቦድሩም የሚለው ቃል ምድር ቤት ማለት መሆኑንም ያዙልኝ።

ጥልቅ_ባሕር፦
እኔ የምጽፈው ከጠላቂ ወገን ነው፤ ለመዝናናት ነው የምጠልቀው፣ ባለሙያ አይደለሁም። የነሐስ_ዘመን «11 ክረምት ፈጀ» ብላ በአንድ ቃል አልፋዋለች። እዚህ ጋ እኔ አላልፍም።

የኡሉቡሩን ስብርባሪ ያለው ከ44 ሜትር ጀምሮ ነው፣ ቁልቁል እየወረደ እስከ 61 ሜትር ይደርሳል። የሚተነፍሱት ተራ አየር ነው። 50 ሜትር ላይ ተራ አየር ያሰክራል። በእውነት ያሰክራል፤ ሁለት ብርጭቆ እንደጠጣ ሰው ትሆናለህ። በዚያ ጭንቅላት ነው የ3,300 ዓመት ዕቃ በጥንቃቄ የምትለካው፣ የምትስለው፣ የምታነሳው። አንድ ሰው ታች የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን እንዲወጣ እየተንጠለጠለ በዝግታ ይወጣል። ጠቅላላ የጠለቁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ታውቃላችሁ? 22,413 ጊዜ።

እኔ ያንን ቁጥር ይዤ ነው አዳራሹ ውስጥ የዞርኩት። አንዲት የብርጭቆ ቁራጭ ሳይ «ይቺ የስንተኛው ጠለቃ ናት?» እያልኩ። ሚስቴ ትታኝ ሄደች።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
😂 እሺ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው። ግን እንጨቱ እንዴት አልበሰበሰም? መርከብ አለ ትላላችሁ፣ 3,300 ዓመት ባሕር ውስጥ የኖረ እንጨት አለ ወይ?

የነሐስ_ዘመን፦
ጥሩ ጥያቄ። ከኡሉቡሩን የተረፈው የመርከቡ አካል ጥቂት ነው፣ ጭነቱ የተጫነው ሥር የቀረ። ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ እንደነበር ግን ታውቋል፤ ርዝመቱ 15 ሜትር አካባቢ። ሙዚየሙ ውስጥ የምታየው መርከቡ ተቆርጦ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ በልኩ የተሠራ አምሳል ነው።

እውነተኛ የመርከብ አካል ማየት ከፈለግህ ሰርቼ ሊማን ወደሚባለው መርከብ ሂድ። እሱ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በ1025 አካባቢ የሰመጠ። የመስታወት መርከብ ይሉታል፤ 3 ቶን ብርጭቆ ጭኖ ነበር፣ አብዛኛው ሊቀልጥ የሚሄድ ስባሪ። አስቡት፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ፣ ከዚያ ደግሞ ከመርከቡ ጋር የተሰበረ። ባለሙያዎቹ ቁጭ ብለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስባሪ እየለዩ ገጣጠሙት። የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ለማወቅ ዓመታት ፈጀባቸው። እኔ አንድ የቡና ሲኒ ስሰብር ነው የምጥለው።

ስለ እንጨቱ፣ ውሃ የጠጣ ጥንታዊ እንጨት አውጥተህ ፀሐይ ላይ ብታሰጣው አለቀ። ከውስጥ የያዘው ውሃው ነው። ውሃው ሲተን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ውሃው ቀስ በቀስ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ነገር ይተካል። ይህ በወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ዓመታት ነው። እንስራውም ቢሆን ጨው ስለጠጣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ደጋግሞ መዘፍዘፍ አለበት። አለበለዚያ ጨው ሲደርቅ ገላውን ይልጠዋል። ሸክላ የሰለቸህ ወንድሜ፣ የናቅከው እንስራ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ነው።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
ሊፓሪ ላይ ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረማ!

ጡረተኛው፦
ሊፓሪም ቢሆን ልጄ፣ አልፈኸው ነው የመጣኸው። እዚያ ግንቡ የቆመበት አለት ራሱ ነው የተቆፈረው። ሉዊጂ ቤርናቦ ብሬያና ማድሌን ካቫሊዬ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተውታል። ሰው እዚያው ቦታ ላይ እየደጋገመ ቤት ሲሠራ፣ ሲያፈርስ፣ ሲሠራ፣ አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራረበ። የጥንቱ ሀብት ምን ነበር መሰለህ? ባልጩት። እሳተ ገሞራው የሰጣቸው ጥቁር ባልጩት። ከነሐስ በፊት ስለቱ እሱ ነበር፤ በባሕር ተሻግሮ ሩቅ ድረስ ይሄድ ነበር። ጣትህን የምታክል የቲያትር ጭንብል ከሸክላ የተሠራ አላየህም? ከመቃብር የወጡ ናቸው፤ የሚያለቅስ፣ የሚስቅ፣ የሚኮሳተር።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
ጭንብሎቹን አይቻለሁ። እነሱ ቆንጆ ናቸው። አምናለሁ።

ጥልቅ_ባሕር፦
ወደ ቦድሩም ልመልሳችሁና፣ የነሐስ_ዘመን የተናገረችላቸው ውጊያ የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች አሁን ግድግዳው ላይ አሉ?

ጡረተኛው፦
የሉም። በ1846 ኢስታንቡል የነበረው የእንግሊዝ አምባሳደር ስትራትፎርድ ካኒንግ ከሱልጣኑ ፈቃድ አግኝቶ ከግድግዳው አስነቅሎ ወደ ለንደን ላካቸው። በ1857 ደግሞ ቻርልስ ኒውተን መጥቶ መቃብሩ ያለበትን ቆፍሮ የቀሩትን ወሰደ፤ ማውሶሎስ ነው የሚባለውን ግዙፍ ሐውልት ጨምሮ። ብሪቲሽ ሙዚየም ናቸው። ግንቡን የሠራው ድንጋይ እዚህ፣ ፊቱ እዚያ።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
ታዲያ ይመለስ አይባልም? እኛም እኮ…

አወያይ፦
ወዳጆች፣ ክሩ ወደ መቅደላ ሳይታጠፍ ቦድሩም ላይ እንቆይ። ለመቅደላ ሌላ ክር አለ፤ እዚያ ተገናኙ።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ።

አወያይ፦
አውቃለሁ። 😊

እግረ_ቀላል፦
ወገኖች፣ ተመልሻለሁ! ቃሌን ጠብቄ ሄጃለሁ። በዚህኛው ቡድን የለም፣ ጀልባ የለም። ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። እግሬ ላይ የታሰረ ጫማ።

መጀመሪያ ጋሼ እንዳሉት ግድግዳ። እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃ ግድግዳ ግድግዳ ነው የሆነብኝ። ከዚያ ዓይኔ ለመደው። አረንጓዴው ድንጋይ መጣ። አንዴ ካየኸው በኋላ ሁሉም ቦታ ነው፤ በር ሥር፣ ማማ ጥግ፣ ደረጃ ላይ። የተጋደመ ዓምድም አገኘሁ፤ ከግድግዳው ክብ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ የእንጀራ ምጣድ መስሏል። እጄን አስደግፌው ቆምኩ። ጠዋት ስለሆነ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከላዩ የአንድ ፈረሰኛ ጋሻ ዓርማ ተቀርጿል። ከ200 በላይ እንዲህ ያለ ዓርማ አለ ይባላል፤ እኔ 31 ላይ መቁጠር አቆምኩ። የእንግሊዞች ማማ፣ የፈረንሳዮች፣ የጣሊያኖች፣ የጀርመኖች፤ እያንዳንዱ ስሙን ጽፎ ነው የሄደው። ድንጋዩ የሰው፣ ስሙ የነሱ።

ምድር ቤቱ ወርጄ ወዲያው ወጣሁ። ስለሱ ሌላ አልልም።

ከዚያ መርከቡ። ጨለም ያለ ነው፣ ከውጭው ሙቀት ስትገባ ዓይንህ እስኪለምድ ትቆማለህ። መዳቦቹ እንደጠበቅኩት አያበሩም። ሻካራ ናቸው፣ አረንጓዴ የበላቸው፣ ጆሯቸው የተቆረሰ። ቻክር ብስኩት ያላቸው ትክክል ነው። ሰማያዊው ብርጭቆ ግን! መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ድቡልቡል ነገር ናት፣ ላይዋ አመድ መስሏል፣ መብራት በነካት በኩል ግን ሰማያዊነቷ እንዳለ ነው።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ጥቁር የእንጨት ግንዲላ። የተቃጠለ ማገዶ መስሎኝ ሳላይ አልፌው ነበር። ተመልሼ መግለጫውን ሳነብ ዞጲ ነው። ከአፍሪካ የመጣ ዞጲ! ግብጾች በዘመኑ «ሄብኒ» ይሉት የነበረው። መዳቡና ብርጭቆው ተሠርቶ፣ ተነጥሮ ነው የተጫነው። እሱ ግን ገና ግንድ ነው። የአንድ ንጉሥ አልጋ ወይም ወንበር ሊሆን እየሄደ መንገድ ላይ የቀረ። እዚያ ፊት ለፊት ቆሜ ጥበቃው ሁለቴ አየኝ።

የነሐስ_ዘመን፦
ዞጲውን ስላየኸው ጣዎሱን ይቅር ብዬሃለሁ።

የእንጨት ደብተሩንስ አየህ? ሁለት ገጽ ያለው፣ ማጠፊያው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ። ውስጡ ሰም ተቀብቶ ይጻፍበት ነበር። ሰሙ የለም፤ የተጻፈውም አብሮት ሄዷል። እኔ ከወርቁ ሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እግረ_ቀላል፦
አይቼዋለሁ። በጣም ትንሽ ናት፤ የኪስ ደብተር ናት በቃ። የዕዳ ዝርዝር ይሆናል ብዬ ገመትኩ።

ጥልቅ_ባሕር፦
አይጧንስ ነገራችሁት? በቁፋሮው ውስጥ የአንዲት የቤት አይጥ መንጋጋ ተገኝቷል። በቅርጹ ሲመረመር ከሶርያ ጠረፍ ሳትሆን አትቀርም ተብሏል። የመርከቡ ነጋዴዎች ከየት ተነሡ እያሉ ሊቃውንቱ ሲከራከሩ፣ ሳይከፍል የተሳፈረ አንድ መንገደኛ ምስክር ሆኖ መጣ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ይህን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አሁን ቦድሩም የሚሉት «የአይጧ መርከብ» ነው። ጉዞው በሐምሌ ነው፣ እናቴም ዛፍ ሥር ለመቀመጥ ተስማምታለች።

ጡረተኛው፦
ለእናትሽ ውሃና ባርኔጣ አትርሺ። እግረ_ቀላል፣ መቃብሩ የነበረበትንስ አየህ? ከግንቡ በእግር ቅርብ ነው።

እግረ_ቀላል፦
ማታ ላይ ሄድኩ ጋሼ። ጉድጓድ ነው። ጥቂት የዓምድ ቁራጭ፣ ሳር፣ አንዲት ድመት። ከዚያ ቀና ስል በጣሪያዎቹ መሃል ግንቡ ይታያል። መጀመሪያ እዚህ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ምንም አይገባኝም ነበር።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
እንስራውስ? ዝም ብላችሁ አለፋችሁት።

እግረ_ቀላል፦
ላንተ ብዬ ነው ያቆየሁት። መርከቡ ላይ ትልልቅ ጋኖች ነበሩ። አንዱ ውስጥ ምን ተገኘ? ሸክላ። ከቆጵሮስ የመጣ አዲስ ሸክላ፣ ሳህንና ኩራዝ፣ እርስ በርሱ ተደራርቦ የታጨቀ። ጋኑን እንደ ሣጥን ነው የተጠቀሙበት። ባሕር ሥር ገብቶ ያልተሰበረውን እኔ አንድ ጊዜ ቤት ስቀይር ስንቱን ሰብሬያለሁ።

ሸክላ_ሰለቸኝ፦
…አወያይ፣ እዚህ መድረክ ላይ ስም እንዴት ነው የሚቀየረው?

አወያይ፦
ማስተካከያው ውስጥ ነው፣ ግን የሚቀየረው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሄደህ ጋኑን እይና ተመለስ።